ጭቃ ለምን ይናቃል?



በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለምን ልጽፍ እንዳሰብሁ ለጓደኞቼ ስነግራቸው አብዛኞቹ ሣቁ። «ስለ ባሕር ዳር ጭቃ? ያውም ከሽሮ ሜዳ?» አሉኝ። ሣቃቸው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ የምንኖረው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብለን በእንጦጦ ግርጌ ነው። በሰፈራችን የባሕር ስም ያለው ነገር ቢኖር ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ እርሱም ስሙን ያገኘው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ ስለ መጣ ነው። አገራችንም ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ከሆነች ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ሆኖም ስለ ጭቃ ለመናገር ከሽሮ ሜዳ ልጅ ይልቅ የተገባው ማን ነው? ክረምት በገባ ቁጥር ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ በበራችን እያለፈ ይሄዳል፤ ስንቶቻችን አንድ እግር ጫማ ትተንለት ወደ ክፍል እንደ ገባን መምህሮቻችን ያውቃሉ።

በቋንቋችን ጭቃ ክብር የለውም። ሰነፍና ልፍስፍስ የሆነውን ሰው ጭቃ እንለዋለን፤ ስሙ በሐሰት የጠፋበትንም ጭቃ ቀቡት እንላለን። የሚገርመኝ ግን የቀድሞ አባቶቻችን የአገሩን መሬትና ግብር የሚጠብቀውን ሹም «ጭቃ ሹም» ብለው መጥራታቸው ነው። ለእነርሱ ጭቃ ማለት መሬት፥ መሬትም ማለት ኑሮ ነበር። ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቁ በቀጨኔ ጀበናና ምጣድ የሚሠሩ እናቶችም ጭቃን አይንቁትም፤ የትኛው እንደሚሰነጠቅ የትኛውም እሳት እንደሚችል በጣታቸው ዳስሰው ያውቁታልና። ጠዋት ጠዋት ቡናችንን ከተቀዳ ጭቃ እየጠጣን ጭቃን መስደባችን ትንሽ የሚያሳፍር ነው።

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ አንድ ነው። ውኃ የሚመጣበትና የሚሸሽበት ጭቃማ ዳርቻ፥ በባሕርም ይሁን በሐይቅ ወይም በወንዝ አጠገብ፥ ባዶ መሬት አይደለም፤ እጅግ ብዙ ፍጥረት የሚመገብበት ገበታ ነው። ስለዚህ በከተማችን ወንዞች ዳር ሥራ ሲሠራ ጭቃው ሁሉ በድንጋይና በሲሚንቶ እንዳይደፈን፥ ከላይ የምንኖር እኛም ወደ ታች የምንለቀውን ነገር እንድናስብበት እጠይቃለሁ።

አስቀድሜ ጭቃው በባሕር ጠረፍ እንዴት እንደሚፈጠር ልናገር፤ የዚህ ነገር ታላቁ ምሳሌ ያለው ከዚያ ነውና። ወንዝ ከተራራ ሲወርድ የአፈሩን ድቃቂ ተሸክሞ ይሄዳል። በፍጥነት እስከ ሮጠ ድረስ ሸክሙን አይጥልም። ባሕር አጠገብ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ ከባዱን አሸዋ አስቀድሞ ያራግፋል፥ ከዱቄት የላመውን ደለል ደግሞ ጸጥ ባለው ስፍራ ያወርደዋል። ባሕሩም በጨረቃና በፀሐይ ስበት ምክንያት በብዙ ጠረፍ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜም ይጎድላል። በሞላ ጊዜ ዓሣ ይዋኝበት የነበረው ስፍራ፥ በጎደለ ጊዜ ዓይን አይቶ የማይጨርሰው የጭቃ ሜዳ ይሆናል።

ከሩቅ ሲያዩት ምንም የለበትም። ዛፍ የለ፥ ሣር የለ። ነገር ግን ከላዩ አንዲት ማንኪያ ጭቃ አንሥቶ በማይክሮስኮፕ የተመለከተ ሰው፥ ዳያቶም የሚባሉ ዛጎላቸው ከመስተዋት ዓይነት ነገር የተሠራ አንድ ሕዋስ ያላቸው ፍጥረቶች ሞልተው ያገኛል። እነዚህ እንደ ቅጠል ከፀሐይ ብርሃን ምግባቸውን ይሠራሉ። ውኃው ሲሸሽ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ሲመለስ ደግሞ ጠርጎ እንዳይወስዳቸው ወደ ጭቃው ይገባሉ። አንዳንድ ጊዜ የጭቃው ፊት ወርቃማ ቡናማ ሆኖ የሚያብረቀርቀው በእነርሱ ብዛት ነው። የዚህ ሜዳ ሣር እነርሱ ናቸው ማለት ነው። ይህን ሣር የሚግጡት ደግሞ ትሎች፥ ጥቃቅን ቀንድ አውጣዎችና ሸርጣኖች ናቸው። ከላይ ካለው ስስ ሽፋን በታች ጭቃው ይጠቁራል፤ ኦክሲጅን ስለሌለው እንደ ገማ ዕንቁላል ይሸታል። ሰዎች ሽታውን ሲሸቱ «ሞቷል» ይላሉ። ነገር ግን በዚያ ጥቁር ክፍል የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ የበሰበሰውን እየፈቱ ለላይኞቹ የሚያቀርቡ፥ ስማቸውም የማይነሣ ሠራተኞች ናቸው።

ከዚህ በኋላ ወፎቹ ይመጣሉ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደነቀኝ የመንቁራቸው ነገር ነው። አጭር መንቁር ያለው ከጭቃው ፊት ላይ ይለቅማል፤ መካከለኛው ጥቂት ወደ ውስጥ ይወጋል፤ ረጅሙና ቆልመም ያለው በጥልቅ የተደበቀውን ትል ይስባል። ከአንዳንዶቹ መንቁር ጫፍ ላይ እንደ ጣታችን ጫፍ የሚዳስስ ነርቭ ስላለ በጨለማም ቢሆን ምግባቸውን አያጡትም። ስለዚህ ብዙ ዓይነት ወፍ በአንድ ሜዳ ላይ ሳይጣላ ይመገባል። በአንድ መሶብ ዙሪያ ተቀምጦ እያንዳንዱ እጁ ከሚደርስበት እንደሚበላ ቤተ ሰብ ናቸው፤ የእኛ ቤት ልጆች ግን በዚህ ረገድ ከወፎቹ ገና ብዙ የሚቀረን ይመስለኛል።

እነዚህ ወፎች ታላላቅ መንገደኞች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 አንዲት መልእክት የሚያስተላልፍ መሣሪያ የታሰረባት ወፍ ከአላስካ ተነሥታ እስከ ታዝማኒያ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀን በረረች፤ በመካከሉ መሬት አልነካችም። ለዚህ ጉዞ የሚሆነውን ስብ እንዲህ ያሉት ወፎች የሚያጠራቅሙት ከጭቃ ሜዳ ላይ ነው። እንግዲህ በመንገዳቸው ላይ ያለ አንድ ሜዳ ቢጠፋ፥ ስንቅ የሌለው መንገደኛ ምን እንደሚሆን ገምቱ።

መገመትም አያስፈልግም፤ ታይቷል። በደቡብ ኮሪያ ሴማንጉም በሚባል ስፍራ 33 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግንብ በባሕሩ ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲዘጋ 400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፍራ ከባሕሩ ሙላትና ጉድለት ተለየ። የታሰበው ጭቃውን ወደ እርሻና ወደ ፋብሪካ መሬት ለመለወጥ ነበር። «ወፎቹ ወደ ሌላ ዳርቻ ይሄዳሉ» ብለው የተናገሩ ሰዎች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በተደረገው ቆጠራ ግን ግሬት ኖት የሚባለው ወፍ ቁጥሩ ክፉኛ ወረደ፤ ወደ አጎራባቹ ዳርቻ ተዛውሮም አልተገኘም። የሌላው ዳርቻ ገበታ አስቀድሞ ባለቤት ነበረውና። ያችው አገር ግን የቀሩትን የጭቃ ሜዳዎቿን እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቅርስነት አስመዘገበች። በዴንማርክ፥ በጀርመንና በሆላንድ ጠረፍ ያለው ዋደን የሚባለው የጭቃ ባሕርም በዚሁ መዝገብ ላይ ነው፤ በየዓመቱ ከ10 ሚሊዮን የሚበልጡ ወፎች ያርፉበታል። እኛ ቅርስ ሲባል ሐውልትና ቤተ መንግሥት ይታሰበናል፤ እነርሱ ጭቃን ቅርስ አሉት።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ካለ፥ ወደ ሰፈራችን እመለሳለሁ።

የእንጦጦ ሸንተረር ውኃን ከሁለት የሚከፍል ጣሪያ ነው። ከሸንተረሩ በስተ ሰሜን በሱሉልታ በኩል የወረደው ዝናብ ወደ ሙገር፥ ከሙገር ወደ ዓባይ ይገባና በግብፅ በኩል ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ያመራል። የግብፅን የባሕር ዳር ጭቃ በሺህ ዓመታት ውስጥ የሠራው ከእኛ ደጋ የተጠረገው አፈር ነው። የአስዋን ታላቁ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ግን ደለሉ በግድቡ እየተያዘ ስለሚቀር የዚያ ጠረፍ ክፍል በባሕሩ እየተበላ ነው። በስተ ደቡብ፥ ማለት በእኛ በኩል የወረደው ዝናብ ግን ሌላ ዕጣ አለው። በቀጨኔ፥ በግንፍሌና በቀበና አድርጎ ወደ ታላቁ አቃቂ ይወርዳል፤ ከከተማው በታች ከትንሹ አቃቂ ጋር በአባ ሳሙኤል ይገናኛል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይገባል። አዋሽም 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ያልቃል። በአቤ ሐይቅ ዳር ጨዋማ የጭቃ ሜዳ አለ፤ ፍላሚንጎዎችም ይመገቡበታል። እንግዲህ የባሕር በር ባይኖረን የጭቃ በር አለን፤ ከሽሮ ሜዳ የተነሣው አፈር መድረሻው የወፍ ገበታ ነው።

ወፎቹም በባሕር ጠረፍ ብቻ አይወሰኑም። ከነሐሴ ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ ከሰሜን አውሮፓና ከሳይቤሪያ ተነሥተው ወደ አገራችን ሐይቆችና ረግረጎች ይመጣሉ። ከእነርሱ መካከል ሊትል ስቲንት የሚባለው ብዙ ጊዜ ከ30 ግራም አይበልጥም፤ በእጅ ቢይዙት ከአንድ ደብዳቤ የሚከብድ አይመስልም፤ የተወለደው ግን በበረዶ አገር ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለሱ በድልድይ ላይ ቆማችሁ ወንዙን ብትመለከቱ ጅራቱን ሳያቋርጥ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ አንድ ግራጫ ቡናማ ትንሽ ወፍ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ ሲዘል ታያላችሁ። ሳንድፓይፐር ይሉታል። ብዙ ሰው ድንቢጥ ይመስለዋል፤ የእኛን ቆሻሻ ወንዝ ብሎ ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ ነው።

ባለፈው ኅዳር ከክፍል ጓደኞቼና ከአንድ መምህራችን ጋር ወደ አባ ሳሙኤል ሄደን ነበር። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ ሲሆን በአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ እንደ ሆነ ይነገርለታል፤ ኃይሉ 6.6 ሜጋዋት ነው። ለብዙ ዓመታት ሥራ ፈትቶ ከቆየ በኋላ በቻይና እርዳታ ታድሷል። የአቃቂና የአባ ሳሙኤል ረግረግ በአገራችን ለወፎች አስፈላጊ ናቸው ተብለው እ.ኤ.አ. በ1996 ከተመዘገቡት 69 ስፍራዎች አንዱ ነው። ይህን መዝገብ ያዘጋጀው እ.ኤ.አ. በ1966 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ነው። ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ መምህራችን ስለ ነገረን፥ ከአውቶቡስ ስንወርድ አንድ ውብ ሐይቅ እንጠብቅ ነበር።

ያየነው ግን እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሽታው ተቀበለን። ውኃው ብዙውን ስፍራ በእምቦጭ ተሸፍኖአል። እምቦጩ ባልደረሰበት ዳርቻ ጥቁር ጭቃ ነበር፤ በጭቃው ውስጥ የላስቲክ ከረጢት፥ የውኃ ጠርሙስ፥ የአንድ ሕፃን ነጠላ ጫማ ተተክለው ይታያሉ። በዚያው ጭቃ ላይ፥ በጠርሙሶቹ መካከል፥ መቶዎች የሚሆኑ ወፎች ይለቅሙ ነበር። ረጃጅም ቀይ እግር ያላቸው ነበሩ፤ ዳክዬዎች ነበሩ፤ ከሰፈራችን ጠዋት ጠዋት እየጮኸ የሚያልፈው ጋጋኖም ነበር። መምህራችን አጉሊ መነጽሩን ሰጥቶኝ አንዱን ትንሽ ወፍ ስከተለው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ከሃያ ጊዜ በላይ ጭቃውን ሲወጋ ቆጠርሁ። የሚበላው ምን እንደ ሆነ ጠየቅን። ደም የመሰለ ቀይ የትንኝ መሰል ዝንብ እጭ ነው፤ ቀይ የሆነበትም ምክንያት በደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን በእርሱም ውስጥ ስላለ ነው፤ ስለዚህ ኦክሲጅን በጎደለው ጭቃ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ቆሻሻ ውኃ ይህን እጭ ያበዛዋል፤ ወፉ የሚጠግበውም ከዚህ የተነሣ ነው። ነገር ግን ከእጩ ጋር ሌላ ምን እንደሚውጥ ወፉ አያውቅም።

በአቅራቢያው አትክልት የሚያጠጡ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ሰላምታ ከሰጠናቸው በኋላ፥ «አባቴ፥ ይህ ሁሉ ቆሻሻ ከየት ነው የሚመጣው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

ሽማግሌውም ከእግር እስከ ራሴ ተመልክተውኝ፥ «ልጄ፥ እናንተ ከየት ነው የመጣችሁት?» አሉኝ።

«ከሽሮ ሜዳ» አልኋቸው።

«እንግዲያው አብራችሁ ነው የመጣችሁት» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ጓደኞቼ ሣቁ፤ እኔ ግን በአውቶቡስ ውስጥ እስከ ከተማ ድረስ ይህን ነገር ሳሰላስል መጣሁ። በእርግጥ ቆሻሻው ሁሉ የእኛ አይደለም። ቆዳ ማልፊያዎች የሚጠቀሙበት ክሮሚየም አለ፤ የጋራዥ ዘይት አለ፤ በወንዞቹ መንገድ ላይ ያለው ሰፈር ሁሉ ድርሻውን ይጨምራል። ይሁን እንጂ የወንዙ ራስ ላይ ያለነው እኛ ነን። ከእኛ በላይ ያለው ደኑና ምንጩ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ወንዙ ከሽሮ ሜዳ በታች ቆሽሾ ከታየ የምናሳብበው ሌላ የላይ ሰፈር የለንም። አያቴ በልጅነታቸው ከዚሁ ወንዝ ውኃ ይቀዱ እንደ ነበረ፥ ነጠላም አጥበው በድንጋዩ ላይ ያሰጡ እንደ ነበረ ይነግሩናል። የሽሮ ሜዳ ነጠላ ዛሬም በየአገሩ ይፈለጋል፤ በሽሮ ሜዳ ወንዝ ውስጥ ነጠላውን የሚያጥብ ግን አይገኝም።

ስለ ጭቃ መታወቅ የሚገባው አንድ ከባድ ነገር አለ። ድቃቂ ደለል መርዛም ብረቶችን በላዩ ላይ አጣብቆ ይይዛል። ውኃው ያልፋል፤ ብረቱ ከጭቃው ጋር ይቀራል። ስለዚህ ጭቃ የዋህ የሆነ መዝገብ ያዥ ነው ለማለት ይቻላል፤ ሰው የጣለውን አይረሳም። በአቃቂ ውኃ በሚጠጡት አትክልቶች ውስጥ ክሮሚየምና ካድሚየም እንደ ተገኘ በጥናት ከአንድ ጊዜ በላይ ተጽፏል። እነዚያ ሰላጣና ቆስጣ ደግሞ ተመልሰው ወደ ከተማችን ገበያ ይወጣሉ። ወንዙ ወደ ታች የወሰደውን መኪና ወደ ላይ ይመልሰዋል። የወፉ ነገር ለማይገደው ሰው እንኳ ይህ ሊገደው ይገባል።

ይህን በቤቴ ስናገር ሸማ የሚሠራው አባቴ ከድሩ ላይ ቀና ብሎ፥ «ልጄ፥ ሰው ምሳውን ሳያገኝ አንተ የወፍ ምሳ ታስባለህ?» አለኝ። አባቴ የሚናገረው ከልቡ ስለ ሆነ ንግግሩን በቀላሉ ማለፍ አልፈለግሁም። የሰው ቤትና የሰው እንጀራ እንደሚቀድም እኔም አምናለሁ። ነገር ግን የሰው ምሳና የወፍ ምሳ ከአንድ ጭቃ መውጣታቸውን በአባ ሳሙኤል አይቻለሁ፤ የወፉ ገበታ ሲመረዝ የሰውዬው ቆስጣ ንጹሕ ሆኖ አይቀርም። አባቴ ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «መልካም፤ ታዲያ ጭቃው ትንኝ ያመጣል» አለ። ይህም እውነት አለበት። ሆኖም የወባ ትንኝ የሚበዛው በቆላ ነው፤ በተፈጥሮ ዳርቻ ላይ ደግሞ እጩን የሚለቅሙ ዓሣና ወፍ አሉ። በሰፈራችን ትንኝ የሚፈለፈለው ይልቁንም ውኃ በቋጠረ ጎማና በተዘጋ ቦይ ውስጥ ነው።

ረግረግን አድርቆ መሥራት በብዙ ስፍራ ብልኅነት ይባላል። ምን እንደሚያመጣ ግን በአገራችን በቂ ምሳሌ አለ። የሐረማያ ሐይቅ ውኃው ለከተማና ለመስኖ ያለ ልክ ሲቀዳ ኖሮ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደረቀ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶ መታየቱ ደስ የሚያሰኝ ነው። የአብያታ ሐይቅ ለሶዳ አሽ ፋብሪካና በላይ በኩል ለመስኖ ከሚወሰደው ውኃ የተነሣ ከቀድሞ ዳርቻው ብዙ ርቆ ሸሽቷል። በዚያ የቀረው ሰፊ ሜዳ ጭቃ ቢመስልም ውኃ ስለማይመለስበት ደርቆ የጨው አቧራ ይሆናል፤ ፍላሚንጎም ከአቧራ ምግብ አያገኝም። ስለዚህ የጭቃ ሜዳ ሕይወት ያለው ውኃው መጥቶ እስከ ሄደና ሄዶም እስከ ተመለሰ ድረስ ነው። ከእንጦጦ ማዶ ያለው የሱሉልታ ሜዳም ከነዚያ ከ69ኙ ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ዛሬ ግን ቤቱና ፋብሪካው በፍጥነት እየሞላው ነው። አገራችን የአፍሪካና የዩራሲያ ተጓዥ የውኃ ወፎችን ለመጠበቅ የተደረገውን ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብላለች። ፊርማው መልካም ነው፤ ወፎቹ ግን ፊርማ ላይ አያርፉም።

አሁን ወደ ከተማችን ወንዞች ሥራ ልምጣ። በ2011 ዓ.ም. «ሸገርን ማስዋብ» የተባለው ሥራ ሲጀመር 56 ኪሎ ሜትር ያህል የወንዝ ዳር ለማልማት ታቅዶ ነበር። የወንዝ ዳር ከቆሻሻ መጣያነት መውጣቱን የማይደግፍ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም እደግፋለሁ። በእንጦጦም ላይ አገር በቀል ዛፍ መተከሉ አፈሩን ስለሚይዘው ከታች ላሉት ሁሉ ጥቅም ነው። የምቃወመው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ንጽሕናን ከድንጋይ ጋር አንድ አድርጎ ማየትን። ወንዝ ግራና ቀኙ በግንብ ከታጠረ፥ ወለሉም ከተነጠፈ፥ ውኃው እንደ ቧንቧ ይሮጣል፤ ደለሉን የሚያራግፍበት ስፍራ ስለሌለ ከነቆሻሻው ጠቅልሎ አቃቂ ላይ ይጥለዋል። ከላይ ያለነው ውብ የእግር መንገድ እናገኛለን፤ ከታች ያሉት ሽማግሌ ደግሞ በፊት ከሚደርሳቸው የበለጠ ይደርሳቸዋል። ወንዙ በሚጠመዘዝበት ስፍራ ግን ጥልቀት የሌለው ሰፋ ያለ ዳርቻ ቢተውለት፥ ደንገልና ቄጠማ ቢበቅልበት፥ ውኃው ይረጋል፥ ደለሉ ይቀመጣል፥ የቄጠማው ሥርም ከቆሻሻው ጥቂቱን ያስቀራል። ቄጠማ ለበዓል ከሩቅ እየገዛን በራሳችን ወንዝ ዳር እንዳይበቅል በሲሚንቶ መድፈናችን እንግዳ ነገር ነው። እንዲህ ያለው ዳርቻ ለዓይን እንደ አበባ መደብ ላያምር ይችላል። ከበጋው ወራት በአንዱ ጠዋት ግን በሩሲያ የተወለደ ወፍ ቆሞ ይገኝበታል፤ ከዚህ የሚበልጥ ጌጥ ለከተማ ምን እንደ ሆነ አላውቅም።

መምህሮቻችን ከፈቀዱልኝ አንድ ልመና አለኝ። ስለ ሥነ ሕይወት ስንማር የዳያቶምን ሥዕል ከመጽሐፍ እየቀዳን እንሥላለን። ከትምህርት ቤታችን ግቢ እስከ ወንዙ አሥር ደቂቃ አያስኬድም፤ አንድ ጠርሙስ ጭቃ አምጥተን በማይክሮስኮፕ ብናየው ከሥዕሉ ይልቅ እናስታውሰዋለን። ወላጆቻችንን ደግሞ የምለምነው ያለቀ የራዲዮ ድንጋይ፥ የተቃጠለ ዘይትና የቀለም እጣቢ ወደ ቦይ እንዳይጣል ነው፤ ላስቲክ ቢያንስ ለዓይን ስለሚታይ ይለቀማል፤ እነዚህ ግን ወደ ጭቃው ገብተው ይቀራሉ። አባቴ የክር ማቅለሚያውን እጣቢ ምን ላድርገው ብሎ ጠይቆኝ ገና አጥጋቢ መልስ አላገኘሁለትም፤ የኬሚስትሪ መምህራችንን ልጠይቅለት ቃል ገብቻለሁ።

እኔ በሚመጣው ዓመት በዚህ ትምህርት ቤት አልገኝም። ነገር ግን ከአሥራ አንደኛ ክፍል አምስት ልጆች በወንዙ ዳር የሚያርፉትን ወፎች ከመስከረም እስከ ሚያዝያ በየወሩ አንድ ቅዳሜ ለመቁጠር ተስማምተዋል። የዘንድሮው ቆጠራ ከጥር ጀምሮ የተያዘበት ደብተር በቤተ መጻሕፍታችን ይገኛል፤ እስካሁን ዘጠኝ ዓይነት ወፍ ተጽፎበታል፥ አንዱን ምን እንደ ሆነ ለይተን ለማወቅ ስላልቻልን በእርሳስ ሥለነዋል። ከእነርሱ ጋር ለመቁጠር የሚፈልግ ሁሉ የመስከረምን የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት በ1 ሰዓት ከድልድዩ አጠገብ ይገኝ፤ ቦት ጫማ ያለውም ይዞ ይምጣ።